ከመንገድ ላይ ያነሳሁት ቦርሳ

ውድ ቴጋን፣

ጤናሽን የምጠይቀው ይህን አንብበሽ ከጨረስሽ በኋላ መልስ የምትሰጪኝ ከሆነ ነው። አሁን ብጠይቅሽ ነገሩን ለማስረዘም ይሆንብኛል። አድራሻሽን የሰጠችኝ እናትሽ ናት። ፖርት ኦገስታ ውስጥ የቀለምና የሚስማር መደብር እንደምትሠሪ ነገረችኝ። "ደስ ብሏታል?" ብላት "ጫማዋ ንጹሕ ነው" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

የምጽፍልሽ ስለ ዊልፍ ቦርሳ ነው። ቦርሳውን ከመንገዱ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ይህን ታውቂያለሽ። እንደምታውቂም አውቃለሁ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ግን ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ቆየን፤ አንቺ ለእኔ ብለሽ፣ እኔም ለእኔ ብዬ።

ምናልባት ይህን ወረቀት ለሌላ ሰው ታሳዪው ይሆናል። ያ ሰው እንዳይቸገር አንቺ የምታውቂውንም ጭምር እጽፋለሁ።

ስምንት እንግዶች ነበሩን። ከአሊስ ስፕሪንግስ ወደ ምዕራብ፣ በቀዩ ተራራ ጀርባ፣ የስድስት ቀን የእግር መንገድ። እኔ ፊት መሪ፣ አንቺ ጭራ። እንግዶቹ ጭራ የሚለውን ስም ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ሥራው ግን ከፊት መሪው ይከብዳል። ፊት የሚሄድ መንገዱን ካወቀ ይበቃዋል። ጭራ ሰው ማወቅ አለባት። ከእሷ ኋላ ማንም እንዳይቀር ነው የምትሄደው።

ሥራ በጀመርሽ ቀን ያስተማርኩሽ ሕግ አንድ ነበር። ለመጸዳዳት ከመንገድ የሚወጣ ሰው ቦርሳውን መንገዱ መሃል አስቀምጦ ይወጣል። ቦርሳ ባለበት ሰው አለ። ጭራዋ ቦርሳውን ስታይ ትቆማለች፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ንቅንቅ አትልም። ቦርሳውን ማንም አይነካውም።

"የዱር ውሻ እየጎተተ ቢወስደውስ?" አልሽኝ።

"ውሻውን ተከተይው። ቦርሳውን ግን እንዳትነኪ።"

"እሺ ሳጅን" ብለሽ እጅሽን ግንባርሽ ላይ አደረግሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሳጅን ሆኖ ቀረ።

ዊልፍ ሰባ አራት ዓመቱ ነበር። የባላራት ሰው ነው፤ አርባ ዓመት የባቡር ሐዲድ ምልክት ሲያበራና ሲያጠፋ ኖሮ ጡረታ የወጣ። ወፍ ይወዳል። ቦርሳው ውስጥ ከውሃው ሌላ ባይናኩላር፣ ወፍራም የወፍ መጽሐፍና አንዲት የምትታጠፍ ትንሽ ወንበር ነበረችው። ስለዚያች ወንበር ሦስት ቀን ተከራክረነዋል። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ቁርስ ላይ፣ እንደገና ሞከርኩ።

"ዊልፍ፣ ወንበሯን መኪናው ላይ እንጫናት። ማታ ሰፈር ስትደርስ ታገኛታለህ።"

"መሬት ላይ ከተቀመጥኩ ማን ያነሳኛል? አንቺ? የአንቺ ጉልበት ራሱ ሲንቋቋ ድንኳኔ ድረስ ይሰማል።"

አንቺን ሻይ ትን አለሽ። እንግዶቹም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነካኝ፤ ለምን እንደነካኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ጋርዝ በጉዞ ወቅቱ መጀመሪያ ላይ አንቺ ባለሽበት "ናሬል፣ ዘንድሮ አንድ ነገር ቢያጋጥም በዚህ ጉልበትሽ ሌላ ወቅት አልሰጥሽም" ብሎኝ ነበር። ድርጅቱ የእሱ ነው፤ የሚለውን ያደርጋል።

አንቺ ተነስተሽ ዕቃ ማሰር ስትጀምሪ ለዊልፍ እንዲህ አልኩት፦ "እንግዲያው ጉልበት ሰባሪ አቀበት ሥር ስትደርስ ቦርሳህን እዚያው ጣለው። እኔ ሌሎቹን አውጥቼ ተመልሼ እሸከምልሃለሁ።"

"አልፈልግም። ሴት ቦርሳዬን ተሸክማልኝ አታውቅም።"

"አንዲትም?"

"እናቴ" አለና ጫማውን ማሰር ጀመረ።

እምቢ ብሎኛል ማለት ነው። እኔ ግን እምቢታውን እንደ ሽማግሌ ኩራት ቆጠርኩት እንጂ እንደ መልስ አልሰማሁትም። አንቺም ያልኩትን አልሰማሽም፤ እኔም አልነገርኩሽም። ጭራዋ የማታውቀውን ነገር ከአንድ እንግዳ ጋር ተነጋግሬ መንገድ ጀመርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ሌላ ሰው ይህን ሲያደርግ ባየው ኖሮ በዚያው ቀን አባርረው ነበር።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጉልበት ሰባሪ ሥር ደረስን። ሙቀቱ ሠላሳ ስድስት ገብቷል። አንቺ ኋላ ከማርጎ ጋር ነበርሽ፤ የፐርዟ የጥርስ ሐኪም፣ ተረከዟ ተልጦ የምታነክሰው። ዊልፍ በእናንተና በእኛ መካከል ብቻውን ነበር፤ ወፍ ሲያይ ይቆማል፣ ወፏ ስትበር ይሄዳል። ስድስቱን ይዤ ወጣሁ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው፣ ተመልሼ ወረድኩ። ታች፣ ደረቁ ወንዝ መንገዱን የሚያቋርጥበት ጋ፣ የዊልፍ ቦርሳ መንገዱ መሃል ተቀምጧል። ቀጥ ብሎ፣ ማንገቻው ወደ ላይ። ዊልፍ የለም።

ቆም ብዬ አሰብኩ ብል ደስ ባለኝ። አላሰብኩም። "ሽማግሌው በመጨረሻ ሰማኝ" አልኩና ደስ አለኝ። ትልልቆቹ አለቶች ጋ መንገዱ ግራና ቀኝ ተከፍሎ እንደገና ይገናኛል፤ እሱ በቀኝ ሲወጣ እኔ በግራ ወርጄ ተላልፈናል ብዬ ደመደምኩ። ስሙን እንኳ አልጠራሁም። አንድ ጊዜ "ዊልፍ!" ብል ኖሮ ከቁጥቋጦው ኋላ ሱሪውን እንደያዘ "ምን ፈለግሽ፣ ሴትዮ!" ይለኝ ነበር።

ቦርሳውን ተሸክሜ ወጣሁ። እንግዶቹ አጨበጨቡልኝ።

ዊልፍ ጫፉ ላይ አልነበረም። ወፍ አይቶ ይሆናል አልኩ። ከቴጋን ጋር ነው አልኩ። አርባ ደቂቃ እንዲህ እያልኩ ተቀመጥኩ። አንቺና ማርጎ ብቅ ስትሉ ሁለታችንም እኩል "ዊልፍስ?" ተባባልን።

ከዚያ ቦርሳውን አየሽው። እግሬ ሥር ነበር። ቦርሳውን አየሽ፣ እኔን አየሽ። "ውሃ ስጪኝ" ብቻ አልሽ። ውሃውን ተሸክመሽ እየሮጥሽ ወረድሽ። ያ ቁልቁለት በሩጫ የሚወረድ አይደለም።

እኔ በሳተላይት ስልክ ወደ ፓርኩ ደወልኩ፤ እንግዶቹን ለማርጎ አደራ ብዬ ተከተልኩሽ። ስደርስ አንቺ ላይና ታች እየተጣራሽ ድምፅሽ ተዘግቶ ነበር። ዶሪን ፒክአፗን በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ እየነዳች እስክትደርስ ሰዓት ተኩል ፈጀባት። የፓርክ ጠባቂ ብትሆንም አገሩ የእሷ ነው፤ ከአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ከአረንተ ናት፣ አያቷ የተወለደችው ከዚያው ወንዝ ዳር ነው። መስኮቷን ዝቅ አደረገች።

"ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋባችሁ?"

"ሽማግሌ" አልኳት።

"አያቴ በዚህ መንገድ ዕድሜዋን ሙሉ ልጆች አስከትላ ስትመላለስ አንድም ሰው አልጠፋባትም። እናንተ ከቁርስ እስከ ምሳ። ደግሞ እረፍት ነው ትሉታላችሁ" አለችና ወረደች። አፏ ይቀልዳል፤ ዓይኗ ግን አሸዋው ላይ ነበር።

የአሥር ሰው ኮቴ አልፎበታል። ዶሪን ከመንገዱ ወጣ ብላ ቁጥቋጦው ድረስ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ቁጢጥ አለች።

"ይህ ሰውዬ መንገድ አልጠፋበትም" አለች። "የወጣው በገባበት ነው። እዚህ ጋ ቆመ። ዞረ። ተመልሶ ቁጥቋጦው ድረስ ሄደ። እንደገና መጣ፣ እንደገና ዞረ። የሆነ ነገር ፈልጎ አጥቷል።" ቀና ብላ አየችኝ። "እዚህ ምን አስቀምጦ ነበር?"

"አላውቅም" አልኩ።

አንቺ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለሽ ቆመሽ ነበር። ቴጋን፣ ቦርሳውን ሳነሳ ተሳስቼ ነው። "አላውቅም" ስል ግን ዋሽቼ ነው። ሁለቱን ለአሥራ አራት ወር ሳቀላቅላቸው ኖሬያለሁ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ዊልፍ በተሳሳተ ቦታ የወጣ መስሎት፣ ትክክለኛውን መሻገሪያ ፍለጋ ወንዙን ይዞ ቁልቁል ሄዷል። ውሃው ሁሉ ቦርሳው ውስጥ ነው። ዶሪን ያገኘችው አሥር ሰዓት ላይ፣ አራት ኪሎ ሜትር ወርዶ፣ አንድ ነጭ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ምላሱ አብጦ ነበር። ሲያያት መጀመሪያ ያላት "ቦርሳዬን አይታችኋል?" ነው። ሄሊኮፕተሩ ወሰደው፤ ኩላሊቱ ተጎድቶ ሁለት ሳምንት ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት ሰፈር ውስጥ ሳህን ስናጥብ "ቴጋን፣ ስለ ቦርሳው…" ብዬ ጀመርኩ።

"ተይው" አልሽኝ።

"ለጋርዝ እነግረዋለሁ።"

"ምን እንዲያደርግሽ? እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ነገ ሌላ ሥራ አገኛለሁ። አንቺ ከዚህ ሌላ ምን ታውቂያለሽ፣ ሳጅን?"

ሳህኑን አራገፍሽና ሌላ አነሳሽ። በደግነት እንዳልሽው ይገባኛል። ግን ስድብ ሆኖ ተሰማኝ፤ ስድቡም ጠቀመኝ። "ራሷ ናት የፈለገችው" እያልኩ ስንት ወር ተደገፍኩበት።

ሰኞ ቢሮ ገባን። ጋርዝ ብዕሩን ይዞ "ጭራ ማን ነበር?" አለ። "እኔ" አልሽ። "ስታልፊ ቦርሳ አላየሽም?" "አላየሁም።" ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ወደ እኔ ዞሮ ምንም አልጠየቀኝም። እኔም አጠገብሽ ተቀምጬ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ አየሁ። ሽማግሌው ግራ ተጋብቶ ከመንገድ እንደወጣና ጭራዋም ሳታስተውል እንዳለፈችው ጻፈ። ዓርብ ለቀቅሽ። ስትሄጂ ጣቢያ አልሸኘሁሽም፤ ጉልበቴን አመመኝ አልኩ። አላመመኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ወቅት ሠራሁ። በየጉዞው መጀመሪያ እንግዶቹን አቁሜ "ቦርሳ ባለበት ሰው አለ" እላቸዋለሁ። ሃያ ሦስት ጊዜ አልኩት። አንድም ጊዜ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሰው ይለምዳል።

ባለፈው ወር ዳሪል የሚባል ሰው ደወለልኝ፤ ፍሊንደርስ ተራሮች ላይ የእግር ጉዞ ድርጅት ያለው። አንቺ ለሥራ አመልክተሻል።

"ሰው ትታ አልፋለች ይባላል" አለኝ። "አንቺ አብረሻት ነበርሽ። እናትሽን ከእሷ ጋር ትልኪያታለሽ?"

"እልካታለሁ።"

"ታዲያ ያን ቀን ምን ሆነች?"

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። "ሙቀት ነበር" አልኩት።

"ገባኝ። አመሰግናለሁ" ብሎ ዘጋው። የገባው ምን እንደሆነ እኔም ገባኝ።

ሦስት ቀን ምንም አላደረግኩም። በአራተኛው ለዊልፍ ደወልኩ። ከእሱ የጀመርኩት ይቀልለኛል ብዬ ነው፤ ነፍሱ ተርፋለች፣ ይስቅብኛል፣ ያልፋል አልኩ። ነገርኩት።

"ድገሚልኝ" አለ።

ደገምኩለት።

"መንገዱ መሃል ነበር?"

"መሃል።"

"ማንገቻው ወደ ላይ?"

"ወደ ላይ።"

"እንግዲያው አእምሮዬ ደህና ነበር" አለ።

ይህን አልጠበቅኩም። ለካ ከሆስፒታል ወጥቶ "ቦርሳዬን እዚያው ነው ያስቀመጥኩት፤ ወጥቼ ሳይ የለም" ባለ ቁጥር የጋርዝን ወረቀት ያነበበ ሁሉ "ፀሐይ መትቶህ ነው" ይለዋል። ልጁ ጁን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። የመኪናውን ቁልፍ ተቀበለችው። ወፍ ለማየት ብቻውን እንዳይወጣ ከለከለችው። እሱም በመጨረሻ አመናቸው። "ወጥ ቤት ማንኪያ አስቀምጣለሁ" አለኝ። "ጓሮ ዞሬ እመጣለሁ። ማንኪያው አለ። እንደገና አስቀምጣለሁ፣ እንደገና ዞሬ እመጣለሁ። አለ። ታዲያ ቦርሳው የት ሄደ? እያልኩ ዓመት ከረምኩ።"

ከዚያ ሰደበኝ። የባቡር ሠራተኛ ስድብ ነው፤ ወረቀት አይችለውም። ሲደክመው "ጠብቂ፣ ልጄን ልጥራት። ለእሷም እንደዚሁ ቃል በቃል ንገሪያት" አለ። ለጁን ነገርኳት። እሷ አልተሳደበችም። "ቁልፉን ስቀበለው አለቀሰ" አለች። "አባቴ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።" ስልኩን ለአባቷ መለሰችለት።

ዊልፍ አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ "ልጅቷስ ታውቅ ነበር?"

"ራስህ ጠይቃት" አልኩት። ዳግመኛ አልዋሽም፤ በአንቺ አፍም አልናገርም።

ይህን የምጽፍልሽ ጥፋቱን ላካፍልሽ ፈልጌ አይደለም። ዝም ስትዪ የከፈልሽ አንቺ ብቻ መስሎሽ ነበር፤ ለእኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ባላራት ውስጥ ማንኪያውን እየጠበቀ የተቀመጠ ሽማግሌ እንዳለ ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ልታውቂው ይገባል።

በማግስቱ ጋርዝ ዘንድ ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ሰዉ እኮ ረስቶታል፣ ናሬል። ለምን ትቆሰቁሺዋለሽ?"

"ቴጋን አልረሳችውም።"

"እሷ ሄዳለች።"

"ለዚህ ነው የመጣሁት። ወረቀቱን አስተካክለው።"

"ካስተካከልኩት አንቺን በመንገዱ ላይ ማቆየት አልችልም። ይገባሻል?"

"ይገባኛል።"

ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ክፉ ሰው አይደለም። "ታዲያ ጉልበት ሰባሪን ማን ያወጣልኛል?" አለ። "የምታወጣልህ ነበረች" አልኩት። ወረቀቱን አስተካከለ፤ እኔ ፈረምኩ፣ እሱም ፈረመ። ቅጂው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። አንዱን ለዳሪል ልኬለታለሁ። ሲደርሰው ደወለ። "ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ። "ፈርቼ" አልኩት። "ከእኔ ጋር የምትሠሪ ቢሆን አባርርሽ ነበር" አለ። "ቀድመውሃል" አልኩት።

ከዚህ ሌላ ምን ታውቂያለሽ ላልሽኝ፣ መልሱ ምንም ነው። አሁን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለመንዳት እየተማርኩ ነው። ፈተናውን አንዴ ወድቄያለሁ። ፈታኙ በዕድሜ ከአንቺ ያንሳል፤ "እማማ፣ ይህ ተራራ አይደለም፣ ማዞሪያ ነው" አለኝ።

ይቅርታ በይኝ አልልም። ብትዪኝ እወዳለሁ፤ ግን እሱን ለመጠየቅ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በዚያ ቁልቁለት እየሮጥሽ ስትወርጂ ከላይ ሆኜ አየሁሽ። እኔ ከኋላዬ ማን እንደሚሄድ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። የዚያኑ ዕለት ልነግርሽ ይገባ ነበር።

ዳሪል ሐሙስ ይደውልልሻል። ሥራውን ብትወስጂውም ባትወስጂውም የአንቺ ጉዳይ ነው። ግን ከዚያ በፊት፣ ረቡዕ፣ ለዊልፍ ደውዪ። ቁጥሩን በወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። የሚጠይቅሽን ታውቂያለሽ። እውነቱን ንገሪው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ደውዪ፤ ከዚያ በኋላ መኪናውን ይዞ ይወጣል።

ናሬል ጆይ ፒትካን
ቦርሳውን ያነሳሁት